ያላለቀው ኮት

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊው ካውያውን እየገፋ ብቻውን ይስቃል። እግሩ ከጭፈራ ብዛት አብጧል፣ ጆሮው ውስጥ ከበሮው አሁንም ይደልቃል። እንዲህ ያለ ሦስት ሌሊት በዕድሜው አይቶ አያውቅም!

ነገሩ የጀመረው ዓርብ ማታ ነው። አፉ ስለማይቆም «ፍሬን የለሽ» የሚሉት ባለታክሲ ጓደኛው ከፀጉር ቆራጩ ጋር መጥቶ በሩ ላይ ጥሩምባውን አንባረቀ።

«ና ውጣ! ለአንድ ሰዓት ብቻ!»

«በዚህ ሸሚዝ?»

«ልብስ ሰፊ ሆነህ ልብስ ቸገረህ? ወይ ጉድ!»

የልብስ ሰፊው ዓይን ለአንድ ሙሽራ የሚሰፋው ኮት ላይ አረፈ። ለልክ በነጭ ክር ብቻ የተያያዘ፣ ገና የስፌት መኪና ያልነካው። ሙሽራው ሰኞ ይረከበዋል። ሱቁ የእህቱ ነው፤ «አንድ ደንበኛ ቅር ቢለው መቀስህን ይዘህ ትወጣለህ» ካለችው ሳምንት አልሞላም። ለበሰው። ልክክ!

ያቺ አንድ ሰዓት እሑድ ሌሊት አለቀች። የጭፈራ ቤቱ ሰማያዊ መብራት ሲያርፍበት ነጩ ክር ቦግ ይላል፤ ሰው ሁሉ ክብ ሠራለት። «ምን ዓይነት ፋሽን ነው?» ሲሉ ፍሬን የለሽ ቀድሞ፣ «ክሩ ባትሪ አለው፤ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይሞላል!» አለ። እሑድማ ዘፋኙ ራሱ ከመድረክ ወርዶ ክሩን ዳሰሰ። ፀጉር ቆራጩ «ጣቱን አቃጥሎታል» ብሎ በእናቱ ይምላል።

ሰኞ ሊነጋ ሲል ግን ልብስ ሰፊው በድንጋጤ ኮቱን በመኪና ሰፍቶ ነጩን ክር ሁሉ ነቀለው። አሁን ተኩሶ ጨረሰ።

እህቱ ሙሽራውን አስከትላ ገባች። ሙሽራው ኮቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ክሩስ?»

«የቱ ክር?»

«ቅዳሜ ጓደኞቼ ይዘውኝ ወጥተው አንድ ሰውዬ ከሩቅ አየሁ፤ ፊቱ በጨለማው ሳይለይ ኮቱ በክር እያበራ ሲጨፍር! የኔንም እንደዚያ ተወው ልልህ እየሮጥኩ መጣሁ። የሰፋለትን ባውቅማ እሱ ጋ እሄድ ነበር።»

እህቱ አፈጠጠችበት። ዝም ቢል በቀላሉ ያልፋል። ግን ያ ሁሉ ጭብጨባ ባለቤት አጥቶ ሊቀር? አንጀቱ አልቻለም።

«የሰፋሁት እኔ! የጨፈርኩትም እኔ!» ብሎ ካውያውን እንደያዘ ሽክርክር አለ።

«ኮቱስ የማን ነበር?» አለች እህቱ ቀስ ብላ።

«የ... የሙሽራው።»

የሙሽራው ሳቅ ሱቁን ሞላው።

«በገዛ ኮቴ ነው የቀናሁት? በል ክሬን መልስልኝ! ሠርጌም ላይ አንተው ታስጨፍራለህ!»

እህቱ ሳቋን በመዳፏ አፍና የክሩን ጥቅል ወረወረችለት።

«ተቀመጥ፣ አንተ ጉደኛ! ሠርጉ ላይ እኔም አለሁ፤ የማንን ልብስ ለብሰህ እንደምትመጣ አይሃለሁ።»