የማይቆልፍ ፍሬን

ባሌ ፔሄሎ ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ተላጨ። ልጃችንን ታንኪሶን ከቀበርን ወዲህ ሳልጨቀጭቀው ሲላጭ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። መስተዋቱ ፊት ቆሞ ያፏጫል ደግሞ። ደስ ሊለኝ በተገባ፤ ግን አላለኝም። የተላጨው ለሴት ልጃችን ሞተር ሊያስመርጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ በደቡብ አፍሪካዋ ቦትሻቤሎ የሞተረኞች ማኅበር አባል ሲሞት የቆዳ ሰደርያው ማኅበሩ ዘንድ ይቀመጣል። ሐውልቱ በሚመረቅበት ቀን ከሟቹ ቤት አንድ ሰው ያንን ሰደርያ ለብሶ፣ በራሱ ሞተር፣ ማኅበሩን አስከትሎ ሟቹ እስከወደቀበት ቦታ ይነዳል። የራሱ ሰደርያ ያለው ሰው ሌላ መደረብ ስለማይፈቀድለት አባትየው አይሆንም። ለባሽ ከጠፋ ሰደርያው ይቃጠላል። እኔ ይቃጠል አልኩ፤ ክብሪቱንም እኔ እገዛለሁ አልኩ። እናት ናት፣ አንጀቷ ተቃጥሎ ነው ብለው አለፉኝ። ሴት ልጃችን ኛካሎ ግን እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እኔ እለብሰዋለሁ» አለች። አባቷ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት። ለእኔ የቀረችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት።

ሞተር መንዳቷን አልከለከልኳትም። በየእርሻው እየዞረች ከብት የምትከትብ ልጅ ናት፤ የመሥሪያ ቤቷን ሞተር በጭቃ ስትነዳው ኖራለች። የፈራሁት ሌላ ነገር ነው።

ታንኪሶ እንዴት እንደሞተ ማኅበሩ የሚያወራው አለ፣ እኔ የማውቀው አለ። ማኅበሩ «ዝናብ ነበር፣ ላም ወጣችበት፣ አስፋልቱ ላይ ዘይት ፈሶ ነበር» ይላል። ዝናቡም ላሟም እውነት ናቸው። ዘይቱን ግን የጨመሩት እነሱ ናቸው።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ፤ ሞተር አልነዳም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከሞተረኛ ጋር የኖረች ሴት ጆሮዋ አይደፈንም። ተራው ፍሬን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው ነው። ደንግጠህ ከጨመቅከው ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል፤ ሞተሩ ግን እየተንሸራተተ ይሄዳል። ኤቢኤስ የሚሉት ደግሞ በፍጥነት ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፤ ስለዚህ ጎማው ሳይንሸራተት ሞተሩ ይቆማል። አስፋልት ላይ እሰየው ነው። ወደ ሌሶቶ ተራራ በሚወጣው ፒስታ ላይ ግን የእኛዎቹ ወንዶች አይወዱትም፤ ጠጠር ላይ መልቀቅ ያበዛል፣ ቁልቁለት ላይ አያቆምም ይላሉ። እናም አስፋልቱ የሚያልቅበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ይቆሙና የሞተራቸውን ወንበር አንስተው፣ የኤቢኤሱን ፊውዝ ነቅለው፣ ደረት ኪሳቸው ይከታሉ። ሲመለሱ እዚያው ቆመው ይመልሱታል። ይህን ልማድ ያመጣው የማኅበሩ መንገድ መሪ ነው፤ ማለትም ባሌ።

ያን ቀን የታንኪሶ ጣቶች በብርድ ደንዝዘው ስለነበር አባቱ ነቀለለት፤ በራሱ ኪስም ከተተው። ሲመለሱ ፒስታው ላይ የአንዱ ጎማ ተነፈሰና ፔሄሎ ሊረዳው ኋላ ቀረ። ታንኪሶ ሥራ የሚገባበት ሰዓት ስለደረሰ ቀድሞ ወረደ። አስፋልቱ ላይ ዝናብ ጠበቀው።

ለቀብሩ የፔሄሎን ጃኬት ሳጥብ ሁለት ፊውዝ፣ የራሱንና የልጁን፣ ኪሱ ውስጥ አገኘሁ። ጃኬቱ ሲደርቅ መልሼ እዚያው ከተትኩለት። ስለዚህ ማወቄን ያውቃል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ አልጋችን ላይ ሳይቀር ዱቄቱ ይቆረቁረኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ፍሬን ባወራ ቁጥር ፔሄሎ ቀድሞ ይናገራል። «ኤቢኤስ የሻጭ ወሬ ነው። ፍሬን ያለው ጣት ላይ ነው።» እኔ ዝም እላለሁ። ምን ልበል? ኤቢኤስ ጥቅም ካለው ልጁን የገደለው ፔሄሎ ራሱ ነው። ጥቅም ከሌለው ላሟ ናት። ላሟ ትሁን ብዬ ተውኩት።

ብሉምፎንቴን ያለው ሞተር መሸጫ ስንደርስ ሞኬቴ በር ላይ ቆሞ ማኩኛውን፣ በዘይት የተጠበሰውን ሊጥ፣ ይገምጣል፤ ዘይቱ በአገጩ ይወርዳል። በማኅበሩ ጉዞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚነዳው እሱ ነው፣ የወደቀውን እንዲያነሳ። ሻጩ ቪከስ ይባላል፤ ገጠር እርሻ ላይ ከእኛ ልጆች ጋር ያደገ ነጭ ስለሆነ ቋንቋችንን ከነስድቡ ያውቀዋል።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ! ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» አለ።

«እሷ ናት። እኔ ለለቅሶ የምቀመጠው ነኝ» አልኩት።

«ማታንኪሶ፣ ዛሬ እንኳ ተይን» አለ ፔሄሎ፤ ዛሬም የሚጠራኝ የታንኪሶ እናት ብሎ ነው።

ሞኬቴ ኛካሎን እጇን ይዞ አንድ ያገለገለ ግዙፍ ሞተር ጋ ወሰዳት። «ይሄውልሽ! በዚህ ኬፕታውን ደርሰሽ ምሳሽን ቤትሽ ትበያለሽ።»

ኛካሎ ወጣችበት፤ ከማቆሚያው ልታነሳው ስትሞክር ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። «ጋሼ ሞኬቴ፣ ይሄ ሞተር ሳይሆን በሬ ነው። ቢወድቅብኝ ማን ያነሳልኛል?»

«እኔ ከኋላ አለሁ አይደል እንዴ!»

«አንተንስ ማን ያነሳሃል?»

ሁሉም ሳቀ፤ ፔሄሎም ሳቀ። ሳቁን ስሰማ ናፍቆኝ እንደነበር አወቅሁ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጠላሁት።

እሱ የወደደው ቀጭኗን፣ ረጅሟን ነው። «ንጹሕ ሞተር። ዘይት፣ ሰንሰለት፣ ጎማ፣ አለቀ። ተራራውን እንደ ፍየል ነው የምትወጣው» አለ። ኛካሎ ስትቀመጥባት መሬቱን የነካችው በእግሯ አውራ ጣት ብቻ ነው። ቪከስም ረጅም መንገድ ላይ ነፋስ ያንገላታታል አለ።

ሦስተኛዋ መካከለኛ ናት፤ አምስት መቶ ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር። ንፋስ መከላከያ አላት፣ ጎንና ጎን ሳጥን አላት። ኛካሎ ተቀመጠችና ሁለቱንም እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች። መሪውን ግራና ቀኝ አዞረችው። ፊቷ ሲፈታ አየሁ፤ ዕቃው ልኩ ሆኖ የተገኘለት ሰው ፊት።

«ይቺ ኤቢኤስ አላት» አለ ቪከስ።

«ለእሱ ብለን ነው እንዴ የምንወስዳት?» አለ ፔሄሎ። «ልጄ፣ ስሚኝ። ፍሬን ያለው ጣት ላይ ነው። እኔ አስተምርሻለሁ። እጅሽ ሳይማር ማሽኑ ከተማረልሽ ማሽኑ የከዳሽ ቀን አለቀልሽ።»

ሞኬቴ «አሜን» አለ።

«እስቲ ሥራውን ልየው» አልኩ እኔ። «ልጄ የምትወጣበት ከሆነ በዓይኔ ልየው።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?» አለ ፔሄሎ።

«ከዛሬ።»

ቪከስ ክርክራችንን ትቶ ለኛካሎ መሪው ላይ ያለች ትንሽ ማጥፊያ ያሳያት ጀመር። «ፒስታ ስትገቢ በዚች የኋላውን ብቻ ታጠፊዋለሽ፤ የፊቱ አይጠፋም። ሞተሩን አጥፍተሽ እንደገና ስታስነሺው የኋላውም ራሱ ይመለሳል። አንቺ ብትረሺ እሱ አይረሳም።»

ፔሄሎ ዞረ። «ራሱ?»

«ራሱ፣ አባቴ።»

«ሰው ሳይነካው?»

«ማንም ሳይነካው።»

ፔሄሎ አዲስ የተላጨውን አገጩን ይዳብሰው ጀመር።

ከመሸጫው ጀርባ ሞተር የሚታጠብበት ለስላሳ የሲሚንቶ ሜዳ አለ። ቪከስ ውሃ አስለቀቀበት፤ ሳሙናው ገና አረፋ ያወጣል። መጀመሪያ ቀጭኗን ይዞ መጣና የፊት ፍሬኗን ጨመቀ። ጎማዋ ቀጥ አለና ሞተሯ ወደ ጎን ሄደች፤ እግሩን ባይተክል ኖሮ ወድቆ ነበር። ቀጥሎ በመካከለኛዋ መጣ። በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ውሃ ላይ። ጨመቀ። ፍሬኗ ክርክርክር አለና ቆመች። ቀጥ ብላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ከዚያ ኛካሎ ሞከረችው። ቆመችና «እማዬ፣ አየሽ?» ብላ ጮኸች።

አይቻለሁ። ዓይኔን ብጨፍን ይሻለኝ ነበር።

«ቁልፉን ስጪኝ» አለ ፔሄሎ። ሄልሜቱን አጠለቀ። የማኅበሩ መንገድ መሪ ነው፤ ሲነዳ ማየት አሁንም ያምራል። እስከ አጥሩ ሄዶ ዞረና በኃይል መጣ። ማንም ጀማሪ በማያደርገው ዓይነት ፍሬኑን በሙሉ ጡንቻው ጨመቀው፤ እንዲጥለው የፈለገ ይመስላል። ሞተሯ ቆመች። ተመልሶ ሄደ፣ ይበልጥ በፍጥነት መጣ። ቆመች። እንደገና። ቪከስ «አባቴ፣ ጎማው ገና አዲስ ነው፣ ቀስ!» አለ፤ አልሰማውም። ሞኬቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባሌ አንዲት ጊዜ እንድትንሸራተትለት፣ አንዲት ጊዜ ብቻ እንድትጥለው እየለመናት መሆኑ የገባን እኔና ሞኬቴ ብቻ ነን።

አልጣለችውም። በመጨረሻ ከፊታችን አቁሟት ወረደ። ሄልሜቱን አላወለቀም፤ መስተዋቱን ብቻ ገልጦ ያለከልካል።

ኛካሎ ሞተሯን ስትዞራት ቆየችና የፊት ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «አባዬ» አለች፣ «የታንኪሶም እኮ ኤቢኤስ ነበረው። እዚህ ጋ ተጽፎበት ነበር፤ ሁልጊዜ የማጥብለት እኔ አይደለሁ? ታዲያ እንዴት ተንሸራተተ?»

«ዘይት ነበር መንገዱ ላይ» አለ ሞኬቴ ቶሎ ብሎ።

«ይሄስ ምንድን ነው? ሳሙና አይደል?»

ሞኬቴ ወደ አረፋው አቀረቀረ። ፔሄሎ እኔን አየኝ። ከሄልሜቱ ውስጥ ዓይኖቹ ብቻ ይታዩኛል። «ዘይት ነበር በይ» ይሉኛል። በሕይወቴ ከእሱ እንዲህ ያለ ልመና አይቼ አላውቅም፤ ሲያገባኝም እንዲህ አልለመነኝም።

ብልለት ምን ነበረበት? ዘይት ነበር ብል የሚቀጥለው ቅዳሜም ይላጫል፣ ያፏጫል። ከዚያ የሐውልቱ ቀን ይመጣል። ከተራራው ሥር፣ ከዚያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሁሉም ይቆማል። መንገድ መሪው የኛካሎን ሞተር ወንበር ሊያነሳ ይመጣል፤ አለመምጣት አይችልም፤ የእሷን ካልነቀለ የወንድሟን መንቀሉ ጥፋት ነበር ማለት ነዋ። እሷም አባቷ ነውና «እሺ» ትላለች። ታንኪሶም «እሺ» ነው ያለው።

«አባትሽ ነቅሎት ነበር» አልኩ።

ኛካሎ ቀና አለች። «ምኑን?»

«ፊውዙን። ለፒስታው ብሎ ነቀለለት። ወንድምሽ ሲወርድ ፊውዙ አባትሽ ኪስ ውስጥ ነበር። ማንም እንዳይነቅልብሽ። አባትሽም ቢሆን፣ ጌታ ራሱም ቢመጣ እንዳይነቅልብሽ።»

ውሃው ወደ ቦዩ ሲወርድ ይሰማል። ቪከስ ቱቦውን ይዞ ሸሸት አለ። ኛካሎ አባቷን እንዲያስተባብል ጠበቀችው፤ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ እንደ ልጅነቷ። ፔሄሎ እጁን አንስቶ የሄልሜቱን ጥቁር መስተዋት ወደ ታች ዘጋው።

ኛካሎ ወደ ቪከስ ዞረች። «ይቺን እወስዳለሁ» አለች፤ ድምፅዋ የእሷ አልነበረም። «ሰኞ መጥቼ እጨርሳለሁ።» እኔንም አባቷንም ሳታይ በበሩ ወጥታ ሄደች። ስጠራት «በታክሲ እመጣለሁ» ብላ ሳትዞር መለሰች። ሞኬቴ «እኔ እከተላታለሁ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

የመጣንበትን ፒካፕ የነዳሁት እኔ ነኝ። ፔሄሎ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ አጠገቤ ተቀመጠ። አውልቅ አላልኩትም። መብራት ይዞን ስንቆም ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች መኪና ውስጥ ሄልሜት ያደረገ ሰው አይተው እየተጠቋቆሙ ሳቁ። ከውስጥ የሚወጣው ድምፅ መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ጉልበቱን ልነካው እጄን ዘርግቼ መለስኩ። ከእሱና ከእሷ አንዱን መርጫለሁ፤ የመረጥኳትም ተቀይማኝ ሄዳለች።

«ማታንኪሶ» አለኝ ከውስጥ።

«አቤት።»

«ባልነቅለው ኖሮ ይቆም ነበር?»

አላውቅም ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን አልጠበቀኝም።

«ይቆም ነበር» አለ። «እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ላሟን ይሰድባት ነበር።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።