የተረፈ ጠብታ

"ይህን ጠብታ ማን አዘዘላት?" አለች ዶክተር ሉዋም፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ።

ፈዲላ የአራት ዓመት ልጇን ሪሀናን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች፣ "ጎረቤታችን ናቸው የሰጡኝ። የዓይን ሞራቸው የተገፈፈ ጊዜ የተረፋቸው ነው። መቅላቱ ወዲያው ለቀቃት እኮ" አለች።

"ደበቀው እንጂ መች ለቀቃት። ከንፈር ላይ የሚወጣውን፣ ምች የምንለውን ታውቂው የለ? ያው ቫይረስ ነው፣ ሄርፒስ ይባላል። አሁን ዓይኗ ላይ ወጥቷል። ይህ ጠብታ ደግሞ ያደልበዋል። ቁስሉ ተዘርግቷል።"

"ትድናለች?"

"ጠብታውን ተዪ። ይህን የጻፍኩልሽን ቅባት በቀን አምስት ጊዜ፣ ሳታቋርጪ አድርጊላት። ከሦስት ቀን በኋላ መልሰሽ አምጪያት፤ ያኔ እነግርሻለሁ።"

ትድናለች አላለቻትም። ፈዲላ ቅባቱን ፍለጋ ከሩዋንዳ ሰፈር እስከ መገናኛ ያለውን ፋርማሲ ስታዳርስ ዋለች። አግኝታው በውይይት ታክሲ ወደ ገርጂ ስትመለስ ጠብታውን በሰጠቻት ጎረቤቷም በራሷም ደሟ ይፈላ ነበር። መድኃኒት እንደ እርሾ ይዋዋሱታል በዚህ ሰፈር። የማን በሽታ፣ የማን ዓይን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ባሏ ጣሃ ደጅ ላይ ሚኒባሱን ያጥባል። ገና በሩን ሳትከፍት ጎረቤቷ እትዬ ሙሉአለም ከተፍ አሉ።

"መጣሽ? ያቺን ጠብታ ስጪኝ። የታችኛው ግቢ የአለም ልጅ ዓይኑ ቀልቶ አደረ።"

"እትዬ፣ ጠብታው ነው ልጄን ያባሰባት። ዶክተሯ ነገረችኝ።"

"እኔን ያዳነኝ መድኃኒት? የደግነቴ ምላሽ ይሄ ነው?"

"የእርስዎ በሽታ ሌላ ነበር።"

ጣሃ ጨርቁን እየጨመቀ፣ "ስጪያቸውና ይለፍ እንግዲህ፤ ስንት ዘመን አብረን የኖርን ሰዎች ነን" አለ።

ይሄኔ ነው ንዴቷ የገነፈለው።

"ይለፍ? የሪሀና አልበቃ ብሎ የሰው ልጅም ይታወርና ጉርብትናችን ይድመቅ?"

ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተችና ጠብታውን እስከ መጨረሻው ቦዩ ውስጥ ጨመቀችው።

እትዬ ሙሉአለም ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ።"

"እሺ፣ አልረግጥም።"

ሪሀናን አዝላ ወደ ታችኛው ግቢ ወረደችና በሩን አንኳኳች። አለም ስትከፍት ፈዲላ ሰላምታም አላስቀደመች።

"የልጅሽ ዓይን ላይ ምንም እንዳታንጠባጥቢ። ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ።"