አባቴን ገድዬ የገባሁበት ፈተና

በ1967 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተተከለ። አመሻሽ ላይ ደጃፋችን ቆሜ ስመለከት ከካምፑ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። ኮከብ ወርዶ ሣር ላይ የሚንከባለል ይመስለኝ ነበር። በያጅ የሚባል ባለሙያ ብረትን ከብረት የሚያጣብቅበት ብርሃን መሆኑን የነገረኝ ጀላል ነው። ከነገረኝ በኋላም ቢሆን ኮከብ ነው ማለቴን አልተውኩም። በዚያ ዓመት ሆዴ ባዶ ስለነበረ ይሁን ተፈጥሮዬ ሆኖ እንጃ፣ ሁሉን ነገር በግማሽ ሕልም ነበር የማየው። ተራራው ወደ ደጄ ይቀርባል፣ ይርቃል። ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ከወንዝ ማዶ የመጣ ያህል ዘግይቶ ይደርሰኛል።

ዕድሜዬ ሃያ ነበር። አባቴ ሞላ ቀጥቃጭ ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር ይሠራል። ይሠራ ነበር ብል ይሻላል፤ የአገሩ በሬ በድርቁ አልቆ ማረሻ የሚያሠራ ሰው ጠፍቷል። ወናፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል። እናቴ ወርቂቱ አምና፣ ክፉው ቀን ሲበረታ፣ እጃችን ላይ አረፈች። የቀረነው አባቴ፣ እኔና የስድስት ዓመቷ እህቴ ንግሥቴ ነን። የንግሥቴ ዓይን ከቀን ወደ ቀን እየጎላ፣ ፊቷ እያነሰ ሄደ። ጀላል መጥቶ «ካምፑ አንድ የበያጅ ረዳት ይፈልጋል፤ ደመወዙ ስንዴና ዘይት ነው፤ ቅዳሜ ፈተና አለ» ሲለኝ እንዴት አድርጌ እንደሰማሁት እናንተው ገምቱት።

ጀላል ጎረቤታችን ነው። አባቱ ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ማለትም የሚያስተምሩ፣ ሼህ ናቸው። እሱ ግን የቂርአት ትምህርቱን ጥሎ ደሴ ወረደና ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ተባርሮ ተመለሰ። የተባረረበትን ምክንያት በየጊዜው ይለዋውጠዋል። ደግነቱን ግን አልክድም። ቤታችን ገብቶ የሚቀመጥ፣ ከእኛ ጋር አብሮ የሚቀምስ ሰው በአገሩ ከእሱ ሌላ አልነበረም።

ይህን የምለው በእኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ስለሚባል ነው። ዓይናችን ሰው ይበላል ይላሉ፤ በተለይ ሰው እህል ሲቀምስ ካየን። ስለዚህ ሲበሉ ከደረስንባቸው ሰሃናቸውን ይከድናሉ፣ በነጠላቸው ይጋረዳሉ። የእኛ ድርሻ ደግሞ ቀድሞ መዞር ነው። ሰው እጁን ወደ አፉ ሲሰድ ፊትህን አዙር፤ አባቴ ከመናገሬ በፊት ያስተማረኝ ትምህርት ይኸው ነው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ አንድ ሹም ገበያው መሐል ቆሞ «ከእንግዲህ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ ብሎ መናቅ የለም! የተከበራችሁ ወዛደሮች ናችሁ!» ብሎ ነበር። አጨበጨብንለት። ምሳ ሰዓት ላይ በአጠገቡ ሳልፍ እንጀራውን በጋዜጣ ከደነው። ሰው ነውና አልፈረድኩበትም ማለት አምሮኝ ነበር፤ ግን ፈርጄበታለሁ።

ጀላል ከማክሰኞ ጀምሮ ያስጠናኝ ያዘ። ደጃችን ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጥና እግሩን አነባብሮ ፈታኙን ፎርማን ይሆናል።

«ስም?»

«አሻግሬ ሞላ።»

«ቀና በል እንጂ! ወላሂ እንደ ለማኝ ነው የምትናገረው። ስም?»

መሬት ላይ በእንጨት ጄኔሬተር ይስልልኛል። ጄኔሬተሩ የታመመች ፍየል ይመስላል። ቀልጦ ብረቱን የሚያጣብቀው ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ፣ ይህ ነው፣ ገመዱ በዚህ ይገባል፣ መነጽር ሳታደርግ ብታይ ዓይንህ ይጠፋል ይለኛል። ሁሉን እንደ ዳዊት ሸመደድኩት።

«የአባት ሥራ?»

«ቀጥቃጭ።»

ጀላል ከድንጋዩ ዘሎ ተነሣ። «እሱን እንዳትል! ሠራተኛው ሁሉ አንድ ድንኳን ውስጥ ነው የሚበላው። ቀጥቃጭ ገባ ከተባለ አብረን አንበላም ብለው ይነሣሉ፤ አንተም ትባረራለህ። ገበሬ ነው በል።»

«አባትህን አምጣው ቢሉኝስ?»

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይሰማን ነበር። «ሞቷል በል» አለ።

ሁለታችንም ወደ እሱ ዞርን።

«ዘንድሮ የሞተን ሰው ማን ይመረምራል? ገበሬ ነበረ፣ አምና ሞተ በል። አበቃ።» ከዚያ በራሱ ነገር ሳቀ። «ደግሞ ደህና ገበሬ አድርገኝ። ሁለት ጥማድ በሬ ስጠኝ።»

ጀላል ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው በሳቄ አፈርኩ።

ያንን ሳምንት ፈተናው ውስጥ ነው የኖርኩት። ቁጭ ባልኩበት ጉም ሲመጣ ፎርማኑ ከጉሙ ውስጥ ይወጣል። አንዳንዴ የእናቴን ፊት ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴ ፊት የለውም። የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ይለኛል። ገበሬ ስለው አባቴ በሁለት ጥማድ በሬ ጉሙን እያረሰ ሲሄድ አየዋለሁ። በሬዎቹ ነጫጭ ናቸው። ትልሙ ወተት ይመስላል፤ እያማረኝ እመለከተዋለሁ። አባ ብዬ ስጣራ ግን አይዞርም፤ ሞቷል ብያለሁና አይሰማኝም። እንዲህ እያለ ይርቅና ከተራራው ጋር ይቀላቀላል። ስነቃ አባቴ እዚያው ደጃፍ ላይ ከሰል እየለቀመ አገኘዋለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ ደግሞ እፈራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እጄን በእንዶድ አጠበልኝ። መዳፌ ነጣ፤ በጥፍሬ ሥር ያለው ጥቀርሻ ግን አልወጣ አለ። «ይሄን የገበሬ እጅ ነው የሚልህ ማን ነው?» አለና ጭቃ ቀባብቶ እንደገና አጠበው። እስከ መንገዱ ሸኘኝ ብለው እምቢ አለ። «ሙት ሰው መንገድ አይሸኝም» አለ። ጀላል ከሩቅ «አብሽር!» ብሎ ጮኸልኝ።

ካምፑ ከሩቅ የነበረው አልነበረም። ኮከቡ የለም፤ ዘይት የጠጣ አፈርና አምስት ድንኳን ነው። የጄኔሬተሩ ድምፅ ግን መሬቱን ይዞ ወደ እግሬ ይገባል፤ አንድ ትልቅ እንስሳ ከመሬት ሥር ተኝቶ የሚያንኮራፋ ይመስላል። ከእኔ በፊት አራት ልጆች ገቡ፣ አራቱም ወጡ። ተራዬ ሲደርስ ምሳ ሰዓት ሆኗል።

ፎርማኑ አቶ በላይ ይባላሉ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው ከሕልሞቼ አንዱንም አይመስልም። ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ኤሌክትሮዱን፣ ገመዱን፣ መነጽሩን እንደ ውሃ አወረድኩላቸው። የገዛ ድምፄ ሩቅ ሆኖ ይሰማኛል።

«የአባት ሥራ?»

«ገበሬ ነበረ።»

«ነበረ?»

«አምና ሞተ።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ «ሁለት ጥማድ በሬ ነበረው» አልኩ።

«ነፍስ ይማር» አሉና ጻፉ። ከዚያም ከመሳቢያቸው ዳቦ አወጡ። «ሰዓቱ ሄደብኝ፤ አንተም ርቦሃል» ብለው ቆረሱ፣ አንዱን ወደ እኔ ገፉ፣ ሌላውን ወደ አፋቸው ሰደዱ።

ምንም አላሰብኩም። አንገቴ በራሱ ዞረ፣ ወገቤም ተከተለ፣ ፊቴ ከድንኳኑ ሸራ ጋር ተፋጠጠ። ጀላል ሁሉን ሲያስጠናኝ ይህ አንዱ አልታየውም። እሱ ሲበላ ዞሬበት ስለማላውቅ ከየት ያስታውሰው?

«እዚያ ምን አለ?» አሉ።

«ምንም።»

ማኘካቸውን አቆሙ። «ሃያ ዓመት መንገድ ሠርቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ስበላ ፊቱን የሚያዞርልኝ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ዙር።»

ዞርኩ። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ከጠረጴዛው ሥር አንድ ዶማ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ። «ይህ ዶማ ትናንት ተስሎ ዛሬ ተሰበረ። ለምን?»

የተሰበረውን ቦታ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። «ቸኩለውበታል» አልኩ። «ከነትኩሳቱ ነክረው ትተውታል። ጫፉን ብቻ ነክሮ ማውጣት ነው። ከዚያ ወልወል አድርጎ መጠበቅ፤ ከኋላው ያለው ሙቀት ወደ ጫፉ ይመጣል። የገለባ መልክ ሲያወጣ ያኔ ሙሉውን መንከር ነው። ወደ ሰማያዊ ካለፈ ይለሰልሳል።»

ይህን ስናገር ድምፄ ከሩቅ አልመጣም። ከደረቴ ነው የወጣው።

«ማን አስተማረህ?»

«አባቴ።»

«ገበሬው?»

«ቀጥቃጭ ነበረ» አልኩ።

ጽሑፋቸውን ሰርዘው አስተካከሉ። «በእኔ ካምፕ ሰሃን የሚከድን ጦሙን ያድራል። ብላ። ሰኞ ሥራ ትጀምራለህ።» ዳቦውን ነከስኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዳቦ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት አልገጠመኝም። እሳቸውም የተሰበረውን ዶማ እያገላበጡ እንዲህ አሉ፦ «ምነው አባትህ በሕይወት በኖረ። ዶማ የሚስል ሰው አጥቼ መንገዱ ቆሞብኛል። የአንተን እጥፍ ስንዴ እሰጠው ነበር። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ነፍሱን ይማረው።»

የተረፈውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ሥራው በእጄ ገብቷል። አፌን ብከፍት ውሸታም ነህ ብለው ይጥሉኛል፤ ንግሥቴም ያንን ዓይኗን ይዛ ትጠብቀኛለች። ዝም ብል ደግሞ አባቴ ሞቶ ይቀራል። ሰኞም ሞቷል፣ በሚቀጥለው ወርም ሞቷል። እያበላሁት፣ እየሸሸግሁት፣ በየቀኑ ልገድለው ነው። አቃተኝ።

«አልሞተም» አልኩ።

አቶ በላይ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አባቱን ገድሎ ሥራ ሊቀጠር የመጣ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ። ተቆጥተዋል፤ ድምፃቸው ግን አልጨመረም። «ሁለት ጊዜ ዋሽተኸኛል። ሦስተኛውን በምን ልመንህ? ካሳ!» ዘበኛው ብቅ አለ። «ሞላ የሚባል ቀጥቃጭ ካለ ፈልገህ አምጣልኝ። ለምን እንደምፈልገው እንዳትነግረው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ከዚህ ንቅንቅ አትልም። እሱ ከሌለ አንተም ሥራ የለህም።»

ተቀመጥኩ። ጉሙ በድንኳኑ አፍ ገባ፤ ጠረጴዛውም ፎርማኑም ስስ ሆኑብኝ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ያባብለኛል። አባቴ ነጫጭ በሬዎቹን ይዞ ከተራራው ሲመለስ አየሁ። ወደ እኔ ይመጣል፣ ግን አይደርስም። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም።

ከዚያ ሸራው ተከፈተና እውነተኛው አባቴ ገባ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከበሩ ሳይርቅ ቆመ። እኔን ሲያይ ዓይኑ አንዴ ብቻ ሸሸ።

አቶ በላይ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ።»

አባቴ ከኋላው ሌላ ሰው የገባ መስሎት ዞሮ አየ። በዕድሜው ማንም አንቱ ብሎት አያውቅም። ቤታችንም አንተ ነበር የምንለው።

«ይህን ልጅ ያውቁታል?» አሉት።

አባቴ ተመለከተኝ። መንገድ አላፊን እንደሚያይ ሰው፣ ረጋ ብሎ ተመለከተኝ።

«አላውቀውም» አለ። «አባቱን ግን አውቀው ነበር። ገበሬ ነው፤ አምና ሞተ። ሥራ የማይሰለቸው ሰው ነበረ። ልጁም እንደሱ ነው ይላሉ፤ ይቅጠሩት ጌታዬ።»

አቶ በላይ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም፤ እጁን ይዤ ነበር። እያለቀስኩ «አባ፣ ነግሬያቸዋለሁ» አልኩት። «አለ ብያቸዋለሁ።»

አባቴ ዓይኑን ከፎርማኑ ላይ አልነቀለም። «ረሃብ ነው እንዲህ የሚያስለፈልፈው» አለ። «እሱን አይስሙት። ሥራውን አይከልክሉት።»

አቶ በላይ ወረቀቱን ሳቡና ሞቷል የሚለውን ቃል ሰረዙት። «ሰኞ ሁለታችሁንም እጠብቃለሁ» አሉ።

አባቴ አላመነም። እጁን ከእጄ ሊያስለቅቅ ይታገላል፤ እኔ አልለቅ አልኩ።