የተቀባበልነው ቧንቧ

አማቴን በሚሠሩበት የብርጭቆ ፋብሪካ «ወናፍ» ይሏቸው ነበር። የቀለጠ ብርጭቆ ከእቶን በረጅም የብረት ቧንቧ ጫፍ አውጥተው፣ በአንድ ትንፋሽ ነፍተው የሕፃን ጭንቅላት ያህል ያደርጉታል። ሠላሳ ዓመት ነፍተዋል። ልጃቸውን ሳገባ እኔንም አጠገባቸው አስቀጠሩኝ። ትልቅ ዕቃ ሲሆን እኔ እጀምራለሁ፤ ቧንቧውን አቀብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይጨርሱታል።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ያዘኝ። ባለቤቴ ግንባሬን ነክታ፣ «ትኩሳት አለህ፤ ዛሬ እንኳ ቅር» አለችኝ።

«ጉንፋን ሰው አይገድልም» ብያት ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ባለፋብሪካው ቋሚ ሠራተኛ የሚሆነውን የሚመርጥበት ሳምንት ስለነበር ፈርቼ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሳሌን እየዋጥኩ ነፋሁ። የቧንቧውን አፍ እንኳ ሳልጠርግ አቀበልኳቸው። ገረመም አደረጉኝና ተቀበሉኝ።

እኔ በሳምንቴ ድኜ ቋሚ ሆንኩ። እሳቸው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሟ ለእኔና ለባለቤቴ አስረዳችን።

«የአየር ቧንቧን ውስጡን የሸፈኑት ሴሎች ጥቃቅን ፀጉር አላቸው። አክታና አቧራ ወደ ላይ የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። የጉንፋን ቫይረስ እዚያ ገብቶ ይራባል፤ ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ይላጣሉ። ብዙ ሰው ላይ ሽፋኑ ይተካል። የእሳቸው ግን ቁስሉ ሳይሽር ባክቴሪያ ገብቶበት ሳንባ ድረስ ወርዷል። ጠባሳው አይለቃቸውም።» ቀጥላም፣ «አጠገባቸው የሚያስለው ሰው ነበር?» አለች።

«እኔ አላየሁም» አልኩ። ባለቤቴ መሬት መሬቱን አየች።

ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ተመለሱ። ነፉ፤ ብርጭቆው ጥቂት እንዳበጠ ሳል ያዛቸውና የቀለጠው ተዝረክርኮ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከሠራተኛው አንድም የሳቀ የለም። ባለፋብሪካው እሳቸውን ዕቃ ጥቅለላ ላካቸው፤ ወንበራቸውን ለእኔ ሰጠ። እኔም ተቀመጥኩበት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሄድኩባቸው። ብርጭቆ በጋዜጣ ይጠቀልላሉ።

«አባባ፣ ያን ቀን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሲያስልህ ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቧንቧውን ብመልስብህ ሰው ፊት ትዋረዳለህ ብዬ ነው የተቀበልኩህ። ይሉኝታ ነው።» ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ጋዜጣውን ሲያጥፉ ቆዩ። «ይልቅ ሂድ፤ ሰዓትህ ደርሷል።»

የምንኖረው አንድ ቤት ነው። ባለቤቴ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም። አባቷ ሳል ሲጀምራቸው ግን ተነስታ የክፍላቸውን በር ትዘጋለች። እኔ እንዳልሰማ ይሁን፣ እሳቸው እንዳያዩኝ ይሁን፣ አልጠየቅኳትም።