የኋላው ግድግዳ

ቦንሳ የሚሠራቸው ቤቶች ሰው ገብቶ አያድርባቸውም። ላፍቶ ከገበያው ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ለአርክቴክቶችና ለቤት ሻጮች ሞዴል ይሠራል። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ መስኮቱ የሚያብረቀርቅ፣ ደጁ ላይ የፕላስቲክ ዛፍ የተተከለበት፣ ሰው በመስታወት ውስጥ አይቶ የሚመኘው ዓይነት ነው።

አንድ ቀን እናቱ ወይዘሮ ገዲሴ ሊጠይቃት ሲሄድ፣ «ለሰው ሁሉ ትሠራለህ፤ የኛንስ?» አለችው።

የነሱ ማለት ፉሪ የነበረው ቤት ነው። አባታቸው ያቆመው፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት። ሰፈሩ ለግንባታ ሲነሳ ፈርሶ ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሞበታል። እናቱም ሀና ማርያም፣ ታላቅ ወንድሙ ኢሉ ዘንድ ትኖራለች። ቦንሳ እሺ ለማለት አላመነታም፤ የከበደው ኢሉ ነው።

ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ክረምት እንኳ ይጨመርልን እያለ ሲለምን፣ ኢሉ ከሁሉ ቀድሞ ፈርሞ እናታቸውን ይዞ ወጣ። ቦንሳ ይህን ሲሰማ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ «የአባታችንን ቤት እንደ ተከራይ ጥለኸው ወጣህ» አለው። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ነው፤ እሱም ሰላምታ ብቻ። ቦንሳ ከልጅነቱ ጀምሮ «ጋሼ» ሲለው የኖረውን ወንድሙን በደረቁ «ኢሉ» ማለት ጀመረ። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ወንድሙ ናፍቆታል። ማን ቀድሞ ይናገር የሚለው ነው የያዘው።

ቤቱን ሃያ አምስት ጊዜ አሳንሶ ጀመረው። የምሩን ለማድረግ ብሎ ከፉሪ አፈር አስመጣ፤ የጤፍ ጭድ ጨምሮ አቦካና ግድግዳውን መረገ። ሲደርቅ ጭዱ ግንድ አከለ፤ ስንጥቁም ገደል መሰለ። እውነተኛው ጭቃ የውሸት ሆኖ ቁጭ ሲል ለብቻው ሳቀ። አፍርሶ እንደገና በተነፋ አፈር፣ በኮላና በደቀቀ ሰጋቱራ ሠራው። ቆርቆሮውን ከለስላሳ ጣሳ ቆርጦ መስመር በመስመር አጎበጠው፤ ዝገቱን በቀለም አወጣው። ክዳኑ ተነስቶ ውስጡ እንዲታይ አደረገ። ጓዳው ውስጥ ጎታዋን ሳይቀር አስቀመጠ።

ችግሩ የኋላው ግድግዳ ላይ መጣ። ቤት ውስጥ የተረፈው ፎቶ ሁሉ የሠርግና የምርቃት ነው፤ ሁሉም የተነሳው ከፊት ለፊት ነው። ከቤት ጀርባ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ የለም። ቦንሳ ራሱ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ከተማ አክስቱ ቤት ሆኖ ነው የተማረው። ለበዓል ሲመጣ ደጅ ተቀምጦ ይመለሳል። ጀርባውን ሲያስብ የሚታየው ኢሉ የከመረው የማገዶ እንጨት ብቻ ነው።

እናቱን ጠየቃት። የበሩን ቀለም ነግራዋለች፤ በረዶ የቀጠቀጠው ቆርቆሮ የትኛው እንደሆነ ነግራዋለች። የኋላው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ግን፣ «አላስታውስም፤ ኢሉን ጠይቀው» አለች። ድሮ የሞተች ላም እናቷ ማን እንደነበረች የምታስታውስ ሴት ናት።

ሲጨንቀው ቀጥ አድርጎ ሠራው። አላረፈም። በመጨረሻ ፎቶ አንስቶ ለኢሉ በቴሌግራም ላከለት። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው፤ «የኋላው እንዲህ ነበር?» ብቻ። ኢሉ አየው።

እሁድ ረፋዱ ላይ ኢሉ የሚነዳትን ሚኒባስ ደጅ አቁሞ ገባ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠረጴዛውን ዞረው። ዝገቱን አደነቀ፤ ደፉን አደነቀ። ጀርባው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ያንተ ቤት ነው» አለ። «የኛው ወደ ውጭ ያበጠ ነበር።»

ከዚያ እየቆየ፣ እየቆራረጠ ነገረው። ከጀርባቸው ያለው ቦታ በአፈር ተሞልቶ ከፍ ካለ ወዲህ የዝናቡ ጎርፍ ሁሉ የሚወርደው በነሱ ግድግዳ ላይ ነበር። ጭቃው ከሥሩ ተበላ፤ ማገሩ በሰበሰ። ኢሉ በየክረምቱ ግንድ እያስደገፈ አቆየው። እናታቸው እንዳታይ ማገዶ ከመረበት። በኋላም ሰበብ ፈልጎ አልጋዋን ወደ ፊት አዛወረና እሱ ግድግዳው ሥር ተኛ።

«ሌላ ክረምት አይሻገርም ነበር» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትምህርትህን ትተህ ግንድ ልትይዝልኝ ነው?»

ቦንሳ ብዙ ሊል ፈለገ። በሽማግሌዎቹ ፊት የተናገረው ትዝ አለው። ብሩሹን ውሃ ነክሮ ግድግዳውን አራሰና ቦታ ለቀቀለት።

«በል ጋሼ፣ ያበጠው የት ጋ ነው?»

ኢሉ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ክዳኑን አንስቶ በመሪ የደነደነ አውራ ጣቱን አስገባና ግድግዳውን ከውስጥ ገፋው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያመው ሰው። ከደጅ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለቅመው ሁለት ግንድ አስደገፉ። ማገዶውን ከክብሪት እንጨት ከመሩበት።

ወደ ሀና ማርያም ሲወስዱት ቦንሳ ቤቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀመጠ። ኢሉ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየለመነ ነዳ። አንዱ መንገደኛ በሩን ሊከፍት ሲል፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ «ሙሉ ነው» ብሎት አለፈ።

ወይዘሮ ገዲሴ የቤቱን ፊት ለአፍታ ብቻ አየችው። ወዲያው ወደ ጀርባው ዞራ ጎንበስ አለችና በትንሿ ጣቷ ክብሪቶቹን ገለል አደረገች። ግንዶቹ ታዩ። ኢሉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ክዳኑ ይነሳል?» አለች።

ቦንሳ አነሳላት። ጓዳውን አጎንብሳ አየችው።

«ከጎታው ጀርባ ያቆምኩት እንጨትስ?»

«የምን እንጨት?» አለ ኢሉ።

«አንተ ከውጭ ስትደግፍ ከውስጥ የያዘው ማን መሰለህ?»

ቦንሳ፣ «አላስታውስም አላልሽኝም እንዴ?» አላት።

«አሁን ትዝ አለኝ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ቦንሳ እንጨት ፍለጋ ወደ ግቢው ወጣ። አጥሩ ሥር ከወደቁት ጭራሮዎች አንዱን፣ ጠንከር ያለውን መረጠ። ኢሉ ተከትሎት ወጥቶ ኖሮ ከእጁ ወስዶ ጣለው።

«ቀጭን ፈልግ» አለው። «ብቻዋን ነው የተሸከመችው።»