የማይንገዳገድ ሰው

ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ አትናገርም ይባላል። እኔ ተናገርኩ፤ ደግሜም እናገራለሁ።

ጵርስቅላ እባላለሁ፤ ሆሳዕና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚክያስ ሽማግሌዎች ሌሞ ገጠር ያለው እናቴ ቤት እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። ሚክያስን እወደዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። እማዬ ግን ከጠዋት ጀምራ ስትነዘንዘኝ ነው የዋለችው። "ስለ አባትሽ ከጠየቁ በጉበት ሞተ በይ። አረቄ ብለሽ እንዳታዋርጂን።"

ከቡላ ተሠርቶ በቅቤ የራሰው አተካና ቀረበ። ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀምስም። የሚክያስ አጎት ጋሼ ዕንባቆም ጉሮሯቸውን ጠረጉና "በዚህ ቤት ዘር መጠጥ አለ ይባላል" አሉ።

እማዬ አቀረቀረች። 

"አለ" አልኩ ከጓዳ ወጥቼ። "አባቴን የገደለው አረቄ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበር። ሌላው ጠጥቶ ሲንገዳገድ ከኅብረት ታገደ፤ እሱ ግን ጠርሙስ ጨርሶም ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጠንካራ ተባለ። የምን ጥንካሬ! የአንዳንድ ሰው አንጎል ከተፈጥሮው መጠጥ ቶሎ አይሰማውም፤ በቃህ የሚለው ነገር የለም። ይሄ ደግሞ በዘር ይወረሳል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጓደኞቼ ወለል ላይ ሲዘረሩ እኔ ምንም አልሆንኩም። ሌላው ቢሆን ይኮራ ነበር፤ እኔ ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። ዘር ይጎትታል እንጂ አስሮ አይወስድም።"

ጋሼ ዕንባቆም ፈገግ አሉ። "ዘር ካነሳሽስ ልጄ፣ የእኛን እይ። ሚክያስ ቢቀምስ እንኳ ራሱ ጠንካራ ነው። ባለፈው አዲሎ ከተማ ከሾፌሮች ጋር ሲጠጣ፣ ሁሉም ሲወድቁ እሱ መኪናውን ነድቶ ቤቱ ገባ። አንድም ቀን ሲንገዳገድ ያየው የለም።"

ሚክያስ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም ብሎ ምሎልኝ ነበር። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

እማዬ ቀና አለች። "እኔንም ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ይቺኑ ነበር ያሉት" አለች ቀስ ብላ። "አይንገዳገድም አሉ።"

ከዚያ በኋላ ማንን ልፈር?

"ጋሼ፣ ዘር መጠየቅ የእናንተ ብቻ አይደለም" አልኩ። "ሚክያስ ራሱ ይምጣና ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። እስከዚያ ቃል የለንም።"

አተካናውን ሳይነኩ ሄዱ። እያለቀስኩ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን በላነው።