አንድ እግሩን ያጠፈው ወፍ

አዛውንቱ ወፍ ቆጣሪያችን ምዜ ቶያ ግራ እግሩ ላይ ተመራማሪዎች የሚያስሩት ቢጫ ቀለበት ያለው ወፍ አየሁ ያሉት ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ደግሞ የአስጎብኚዎች ማኅበራችን ይሰበሰባል፤ የወፍ ቆጣሪነቱ ሥራ ከሽማግሌው ጋር ይቆይ ወይስ ለወጣቱ ባልደረባችን ለኪትሳኦ ይሰጥ የሚለውን ይወስናል። ዓይናቸው ደክሟል መባል ከጀመረ ዓመት አልፎታል። እናም ረቡዕ ካሜራዬን ይዤ ወደ ሚዳ የባሕር ወሽመጥ ወረድኩ። ለማንም ልመሰክር ብዬ አይደለም፤ ወፉ እግር ላይ ያለውን በዓይኔ ለማየት ነው። ኪትሳኦም ተከተለኝ።

ሰማዩ ዐመድ መስሏል፤ ያካፋል። ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ጭቃው ላይ ሸርጣን ሲለቅሙ የዋሉት ጥቁርና ነጭ ወፎች ከፍ ወዳለው አሸዋ ተሰበሰቡ። እኛ ባሕር ዳር ከሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች ሥር በደረታችን ተኛን። ችግሩ፣ ወፎቹ እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን ሆዳቸው ሥር አጥፈው አንቀላፍተዋል። ግራ እግራቸውን ያጠፉትን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ናቸው። የሌሎቹ ግራ እግር ይታያል፤ ቀለበት የለበትም። የምንፈልገው ከአሥራ አንዱ አንዱ መሆን አለበት።

«አንዴ ባጨበጭብ ሁሉም እግሩን ያወርድ ነበር» አለ ኪትሳኦ።

ያረፈ ወፍ ማስነሳት ክልክል ነው። በዚህ ወር ለረጅም ጉዞ ስብ እያጠራቀሙ ነው። ይህን ያስተማሩን ራሳቸው ምዜ ቶያ ናቸው። ካጨበጨበ ነገ ስብሰባው ላይ እንደምናገር ነገርኩት።

«አንተማ ኮሌጅ የገባኸው ለመናገር ነው» አለኝ። ግን አላጨበጨበም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ውሃው ክርናችን ደረሰ። ኪትሳኦ ሸርጣኖቹ ከጎኑ ጀምረው እየበሉት እንደሆነ ነገረኝ፤ ዓይኔን ከሌንሱ አላነሳሁም። ውሃው ሲነካቸው ወፎቹ ተራ በተራ ግራ እግራቸውን አወረዱ። አሥሩ እግር ላይ ምንም የለም። አሥራ አንደኛው እግሩን አላወርድም ብሎ ሰኞ ማክሰኞ እንደሚጫወት ልጅ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሸሸ። ውሃው ተከተለው። በመጨረሻ አወረደ፤ ፎቶ አነሳሁት።

ቀለበት አልነበረም። ሁለቴ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ክር ነው፤ ቢጫ። ከሥሩ እግሩ አብጧል።

ምዜ ቶያ ቤታቸው ሆነው ካሜራውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ተመለከቱ። ቀለበት እንዳልሆነ በግልጽ ነገርኳቸው። ካሜራውን መለሱልኝ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «እንደዚያው ብለህ ጻፍ።»

ቢጫ ነገር እንደነበረና ግራ እግሩ ላይ እንደነበረም እጽፋለሁ አልኳቸው። በሩን ተደግፎ የቆመው ኪትሳኦ ማክሰኞ የት ሆነው እንዳዩት ጠየቃቸው። ከጀልባ ማሰሪያው አሉት። ከዚያ እስከ አሸዋው ሁለት መቶ እርምጃ ይሆናል።

«እኔም ማክሰኞ እዚያው ነበርኩ» አለ ኪትሳኦ ወደ እኔ ዞሮ። «በሩቅ ማያ መነጽር እያየሁ አላየሁትም። ይህንንም ጻፍ።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ማኅበሩ ምዜ ቶያ ቆጣሪ ሆነው እንዲቀጥሉ፣ ኪትሳኦም አብሯቸው በመነጽር እያረጋገጠ እንዲሠራ ወሰነ። ኪትሳኦ ረዳት መባሉን አልወደደውም፤ ዓርብ ማለዳ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ጀልባ ማሰሪያው ጋ ቆሞ ነበር፤ ያንን ክር የተጠመጠመበት ወፍ የሚፈልግ ይመስለኛል።